የምንጠቀምበት የዜጎች ሳይንስ መድረክ ሊዘጋ ነው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተራው ሰው ለምርምር የሚሆን ወፍና ዛፍ እየቆጠረ የሚያስገባበት መድረካችን እንደሚዘጋ ከተሰማ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። አራት ኪሎ ማኪያቶ ልጠጣ ቁጭ ስል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም፣ "የኛ ነገር እንዴት ሊሆን ነው?" የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ደግሞ ተገቢ ነው። ስንት ቅዳሜ ጠዋት ነው ጊዮን አጠገብ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ዳር ቆመን ወፍ የቆጠርነው፣ ዛፍ የመዘገብነው! ስለዚህ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እዚህ በአንድ ላይ ጽፌዋለሁ። ያልገባችሁ ካለ ደውሉልኝ፣ አይከብደኝም።

የሚዘጋው ምኑ ነው? ሥራችን አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። የሚዘጋው ድረ ገጹና አፑ ነው። ቆጠራው ይቀጥላል። መድረኩን የሚያስተዳድሩት ሰዎች የሰርቨር ወጪውን የሚሸፍንላቸው ድጋፍ አልቆባቸዋል፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያም ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። አልፈርድባቸውም። አዲስ ነገር ሲከፈት ብር የሚሰጥ ይገኛል፣ የተከፈተውን በየወሩ ለማቆየት ግን የሚሰጥ ጥቂት ነው። ደግነቱ ቀድመው ነግረውናል። እስከ መዝጊያው ድረስ የገባውን ማውረድ ይቻላል፤ አዲስ ማስገባት ግን አሁኑኑ አቁሙ፣ ምክንያቱም ካወረድን በኋላ የሚገባው ነገር እኛ ጋ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ሌላ ቦታ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?

በደንብ። ሴቲ አት ሆም የሚባለውን አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ፣ ሰው ቤቱ ያለውን ኮምፒውተር እያዋሰ ከህዋ የመጣ የሬዲዮ ሞገድ ሲያስመረምር የኖረ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2020 ለበጎ ፈቃደኞች ሥራ ማከፋፈል አቆመ። ያቆመው የሚያስፈልገውን ያህል ዳታ ስለተመረመረለትና ተመራማሪዎቹ ውጤቱን ወደ ማጠናቀር ስለዞሩ ነው። ይኼ ጥሩ አዘጋግ ነው፤ ሰዉ ለምን እንደቆመ ተነገረው።

ሌላው ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ ነው፣ እሱም በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር ምርምር የሚያሠራ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2004 ጀመረው፣ በ2021 ደግሞ ቶሮንቶ ላለው ክሬምቢል የምርምር ተቋም አስረከበው። ፕሮጀክቱ ዳነ፣ ሥራው ግን በዝውውሩ ምክንያት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲያ ያለ ትልቅ ድርጅት ያስረከበው ነገር እንኳ ወራት ከፈጀ፣ የኛም በአንድ ቅዳሜና እሁድ እንዲያልቅ አትጠብቁ።

ሰው ያየውን ዕፅዋትና እንስሳ ፎቶ እያነሳ የሚያስገባበት አይናቹራሊስትም ቤት ሲቀይር የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው በርክሌይ የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ ተጀመረ፣ በኋላ በካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ሥር ገባ፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ባለቤቱ ሲቀያየር የሰዉ ምዝገባ አብሮ ተሻገረ። የኛም እንዲያ እንዲሆን ነው የምንለፋው።

ያስገባሁት ሁሉ ይሻገራል?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉም አይሻገርም። የተመዘገበው ነገር፣ ቀኑ፣ ቦታውና ፎቶው ይሻገራል። ነጥባችሁ፣ ባጃችሁና ደረጃችሁ አይሻገርም፤ የምንሄድባቸው አዲሶቹ መድረኮች የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። "ይሄ ቁራ አይደለም፣ እንደገና እየው" እያላችሁ ከምዝገባው ሥር የጻፋችኋቸው ማስታወሻዎችም እንደነበሩ ሆነው አይገቡም። እነዚህን ግን ለየብቻ አውርደን ከማህደሩ ጋር እናስቀምጣቸዋለን፤ አንድ ምዝገባ ለምን እንደተስተካከለ የሚናገሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ወዴት ነው የምንሄደው?

ወደ አንድ ቦታ አይደለም። መጀመሪያ ሁሉንም ጠቅልለን አንድ ጋ ለመውሰድ አስበን ነበር፣ አልሆነም፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የሚመቸው ቤት የተለያየ ነው።

የወፍ ቆጠራው ኢበርድ ወደሚባለው የወፍ መመዝገቢያ መድረክ ይሄዳል። ኢበርድን እ.ኤ.አ. በ2002 የኮርኔል የአእዋፍ ላብራቶሪና አውዱቦን የሚባለው የአሜሪካ የወፍ ጥበቃ ማኅበር ናቸው የጀመሩት፤ የቆየ ዝርዝርም ይቀበላል። የሚፈልገው ቀን፣ ቦታ፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ብዛት ነው። ብዛቱን ያልጻፋችሁበት ቦታ "ኤክስ" ይገባል፣ ነበረ ግን አልተቆጠረም ማለት ነው። እባካችሁ ዝም ብላችሁ በግምት ቁጥር አትሙሉ።

አበባና የዱር ዛፍ ወደ አይናቹራሊስት ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፤ በጽሑፍ ሠንጠረዥ አንድ ላይ ሲጫን ፎቶው አብሮ አይገባም፣ ስለዚህ ፎቶ ያላቸውን በእጅ ነው የምናስገባው። ሌላም አለ። ሰው የተከለው ዛፍ እዚያ "የተተከለ" ተብሎ ይለያል፣ ለምርምር ብቁ ወደሚባለው ክፍልም አይገባም። መንገድ ዳር ያሉት ጃካራንዳዎች እንግዲህ ሁሉም እንዲያ ናቸው። ባህር ዛፉም ሰው ያመጣው ነው፣ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ።

ስለዚህ የመንገድ ዳር ዛፎችን ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው፣ ማንም ሰው በሚያስተካክለው ካርታ ላይ እናስገባለን። እዚያ ግን የሚገባው ዛሬ ቆሞ ያለ ዛፍ ብቻ ነው፤ የተቆረጠ ከካርታው ይወጣል። ስለ ተቆረጡት ታች እመለስበታለሁ።

የድሮ የሜዳ ፎቶዎችን አንድ በአንድ እያየን የምንለይበት ፕሮጀክት ወደ ዙኒቨርስ ይዛወራል። ዙኒቨርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጋላክሲ ዙ ተብሎ ሰዉን ጋላክሲ በማስለየት ነው የጀመረው፤ ዛሬ ማንም ሰው የራሱን ፕሮጀክት በነፃ መሥራት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሙሉው ማህደር፣ እንዳለ፣ አንድ ቅጂ ዜኖዶ ላይ ይቀመጣል። ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የዳታ ማስቀመጫ ነው፣ ነፃ ነው፣ ለአንድ ክምችት እስከ 50 ጊጋባይት ይፈቅዳል፤ የማይቀየር መለያ ቁጥርም ይሰጣል። ነገ ከነገ ወዲያ ኢበርድም ሆነ ሌላው ቢዘጋ እንደገና ከዜሮ አንጀምርም።

የኔ ምዝገባ ቀኑ ለምን ተበላሸ? እኔ በትክክል ነው የጻፍኩት!

በትክክል ነው የጻፍከው። ይቺን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል፣ እኔንም እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት።

አንድ ምዝገባ ላሳያችሁ። ከመስቀል አደባባይ ከፍ ብሎ ካለ ሜዳ የተነሳ የአደይ አበባ ፎቶ ነው። ቀኑ 17/1/2012 ይላል። ማንም ኢትዮጵያዊ ሲያየው መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2019። መድረኩ ግን ጃንዋሪ 17 ቀን 2012 ብሎ አነበበው። አደይ በጥር! ሳምንትና ወር ብቻ አልሳተም፣ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ወደ ኋላ ወሰደው። ክፋቱ ደግሞ ምንም ስህተት አለ ብሎ አላስጠነቀቀም፤ 2012 በሁለቱም አቆጣጠር ያለ ዓመት ነው፣ 17/1ም በሁለቱም ያለ ቀን ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ አየን። ጳጉሜ ውስጥ አንድም ወፍ አልተመዘገበም። ነሐሴ 30 እና መስከረም 1 ላይ ግን ምዝገባው ተከምሯል። ለካ መድረኩ 13ኛ ወር አልቀበልም ሲል ሰዉ የሚቀርበውን ቀን እየጻፈ ያልፍ ነበር። ጥቅምት 30ም እንዲሁ የለም፤ 30/2 ሲባል ፌብሩዋሪ 30 መስሎት መለሰው። እነዚህን ቀኖች በግምት አናስተካክልም። "ቀኑ በጥቂት ቀናት ሊዛነፍ ይችላል" ብለን ምልክት አድርገን ነው የምናሻግራቸው።

ሰዓቱም ያው ነው። ጠዋት 2፡30 የታየች እርግብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል እንደታየች ሆና ተቀምጣለች። ቀን የሚበር ወፍ ከሆነ ስድስት ሰዓት ጨምሮ ማስተካከል ቀላል ነው። ጉጉት ሲሆን ግን እኔ እንጃ፣ በኛ ሰዓት ማታ 2፡30 ይሁን በፈረንጆቹ ሰዓት የሌሊቱ 2፡30 ከመዝጋቢው ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው የምደውልላችሁ። "ያቺን ጉጉት ስንት ሰዓት ነበር ያየሃት?" ስላችሁ አትገረሙ።

ፎቶ ካለ አንድ መፍትሄ አለ። ስልካችሁ ፎቶውን ሲያነሳ ቀንና ሰዓቱን ፋይሉ ውስጥ ራሱ ይጽፋል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የስልኩ ሰዓት የተስተካከለ ከነበረ እሱን አምነን እናርማለን። ከእንግዲህ ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፣ ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ፤ "መስከረም" ብሎ የጻፈን ሰው ማንም ማሽን ጃንዋሪ አያደርገውም።

የአማርኛ ስሞቹስ ምን ይሆናሉ?

ይቆያሉ። እንዲቀየሩ አልፈቅድም። ግን አጠገባቸው ሳይንሳዊ ስም መጨመር አለብን፣ እዚህ ላይ ደግሞ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። "ቁራ" ብላችሁ ከጻፋችሁ የቱ ቁራ? ማጅራቱ ላይ ብቻ ነጭ ያለው፣ ወፍራም መንቁር ያለውና ከአፍሪካ ቀንድ ሌላ የትም የማይገኘው ነው? ወይስ ደረቱ ነጭ የሆነው፣ አፍሪካ ውስጥ በብዙ ሀገር ያለው? ፎቶ ከሌለ አንፈርድም፣ ዝርያውን ሳንለይ በወገን ስሙ ብቻ እናስገባዋለን። አደይ አበባም አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፣ ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ ከአንድ በላይ ዝርያዎች ናቸው።

ያወረዳችሁትን ፋይል በኤክሴል ስትከፍቱ አማርኛው ተበላሽቶ እንግዳ ምልክት ከሆነባችሁ አትደንግጡ፣ ሴቭም አታድርጉት! ዝጉትና "ዳታ" ከሚለው በኩል ገብታችሁ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መርጣችሁ ክፈቱት። ሴቭ ካደረጋችሁት ግን ፊደሉ ሊጠፋ ይችላል። በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዝርዝር ያላችሁ ደግሞ ፎንቱንም አብራችሁ ላኩልኝ።

ካርታው ላይ የኔ ዛፍ ባሕር ውስጥ ነው የሚያሳየኝ

ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ነው። አራት ኪሎ ወደ 9.03 ሰሜን፣ 38.76 ምሥራቅ ነው። ብትገለብጡት ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ላይ ያርፋል። በአንድ ጊዜ ይስተካከላል፣ አታስቡ።

ፎቶዎቼን በቴሌግራም ልላክልህ?

መላክ ትችላላችሁ፣ ግን "ፋይል" አድርጋችሁ። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ፋይሉ ውስጥ የነበረውን ቀንና ቦታም ያጠፋዋል። እኛ ደግሞ ከላይ እንዳልኳችሁ ቀኑን የምናርመው በእሱ ነው። ብዙ ከሆነ በፍላሽ አምጡ። ፓኬጃችሁን አትጨርሱ።

ሳልፈቅድ ዳታዬ ወደ ውጭ ሀገር ይሄዳል እንዴ?

አይሄድም። ስማችሁንና ስልካችሁን ለማንም አናስተላልፍም፤ ይህን ከኛ መልካም ፈቃድ በላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ያስገድደናል። ለያንዳንዳችሁ አጭር የስምምነት ጽሑፍ በአማርኛ ይደርሳችኋል። አንብቡት፣ ሳታነቡ "እሺ" አትበሉ።

ስለ ፈቃዱ ዓይነት፦ ምዝገባችን ጂቢአይኤፍ ወደሚባለው የዓለም የብዝሃ ሕይወት መረጃ ቋት እንዲደርስ ከፈለግን ሦስት ዓይነት ፈቃድ ብቻ ነው የሚቀበለው። አንዱ ማንም እንደፈለገ ይጠቀም የሚል ነው፣ ሁለተኛው ስሜን ጠቅሶ ይጠቀም፣ ሦስተኛው ስሜን ጠቅሶ ግን ለንግድ ሳይሆን ይጠቀም። አይናቹራሊስት ላይ ምንም ካልነካችሁ ሦስተኛው ነው የሚሆነው። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ፎቶዬን ቢጠቀም ደስ ይለኛል። ምርጫው ግን የናንተ ነው።

ከግቢያችሁ ውስጥ የመዘገባችሁ ደግሞ ቦታውን "የተድበሰበሰ" በሚለው አድርጉት። ያኔ ካርታው ቤታችሁን ለይቶ አያሳይም።

አዲስ አካውንት መክፈት ግዴታ ነው?

አዎ። አይናቹራሊስት ላይ አንዱ በሌላው ስም እንዲያስገባ አይበረታታም፣ ምዝገባው ያየው ሰው መሆን አለበት። ኢሜይል የሌላችሁን አብረን እንከፍታለን። ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። የባለፈው መድረክ ላይ በአንድ ቦታ በአባት ስም፣ በሌላ ቦታ ያለ አባት ስም የተመዘገባችሁ፣ "ኃይሌ"ን አንዴ በኃ አንዴ በሀ የጻፋችሁ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ተቆጥራችኋልና ንገሩን፣ እናዋህደዋለን።

ፒያሳ የፈረሰው ሰፈር ውስጥ የመዘገብነውን ማሻገር ምን ያደርጋል? ዛፉም የለም፣ ቤቱም የለም።

ይህን የጠየቀኝ ልጅ እዚያው ፒያሳ ያደገ ነው። ሲጠይቀኝ ድምፁ ልክ አልነበረም፣ እኔም ቶሎ አልመለስኩለትም።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ የምናውቀው ግቢ አብሮ ሄደ። ከአንዱ ቆርቆሮ ቤት ጀርባ አንድ ጽድ ነበረ። ሥሩ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ነበር፣ ግንዱ ላይ የልብስ ገመድ የታሰረበት ሚስማር ነበረ፣ እያደገ ሲሄድ ቅርፊቱ ሚስማሩን ግማሽ በግማሽ ውጦታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሄደን ጭላት ጎጆ ሠርታበት እንደሆነ አይተናል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ብትቆሙ ዛፉ የት ጋ እንደነበረ ማሳየት አትችሉም። መዝገቡ ግን ያሳያል፤ ቁጥሩ አለ፣ ፎቶው አለ፣ ጫጩቶቹ የወጡበት ቀን አለ።

ስለዚህ ለኔ ከሁሉም መጀመሪያ መሻገር ያለበት ይኼ ነው። ሌላው ቢጠፋ ሄደን እንደገና እንቆጥረዋለን። የፒያሳውን፣ የካዛንቺሱን ግን እንደገና ሊቆጥረው የሚችል ማንም የለም። ከአስር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ መሐል አዲስ አበባ ምን ወፍ ነበራት፣ ምን ዛፍ ነበራት ብሎ ሲነሳ የሚያገኘው ይህንን ነው። ኦፕንስትሪትማፕ የተቆረጠውን ዛፍ አይዝም ብያችሁ ነበር፤ ለዚህ ነው የፈረሱት ሰፈሮች ምዝገባ ከነፎቶው ቀድሞ ዜኖዶ ላይ የገባው። እሱ አልቋል። ሦስት ሰው ለየብቻ አመሳክሮታል።

የድሮው አድራሻስ? ጽሑፌ ውስጥ ጠቅሼዋለሁ።

ከመዝጊያው በኋላ አይሠራም። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የጠቀሳችሁት ካለ ገጹን አሁኑኑ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ አስቀምጡት፣ አድራሻውን አስገብታችሁ "አስቀምጥ" ማለት ብቻ ነው። አዲስ የምትጽፉ ከሆነ የዜኖዶውን መለያ ቁጥር ጥቀሱ።

ደብተር ላይ የጻፍኩት አለኝ፣ መድረኩ ላይ ያላስገባሁት። ላምጣው?

አምጡት! ባለፈው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በፌስታል ጠቅልለው አምስት ደብተር ይዘው መጡ። በሰማያዊ ቢክ፣ በዓመተ ምሕረት፣ "ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ደመና ነበር" ተብሎ የተጻፈ። አፑን ተጠቅመው አያውቁም፣ ጨርሶ ተጠቅመው አያውቁም። ያን ያህል ምዝገባ ስንመረምር ቀኑና ሰዓቱ ምንም ጥያቄ ያላስነሳብን የሳቸው ብቻ ነው።

ገጹን ፎቶ እያነሳን፣ የእጅ ጽሑፉን እንዳለ አስቀምጠን፣ ከዚያ ወደ ሠንጠረዥ እንገለብጠዋለን። ደብተሩ ወዲያውኑ ይመለስላችኋል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አራት ኪሎ፣ የዘወትር ቦታችን ነን። መምጣት የማይመቻችሁ ከሆነ ቤታችሁ ድረስ የሚመጣ ሰው እንልካለን።